ምጥ ላይ ማስታገሻ የጠየቀች ሴት ምንም አላጠፋችም፦ ለ«ያለ መርፌ ውለጂ» የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «ያለ መርፌ ውለጂ» የሚለው ረጅም ጽሑፍ እዚህም እዚያም ሼር ሲደረግ ሳታዩት አልቀራችሁም። መጀመሪያ ሳየው ዝም ብዬ ላልፈው ነበር፣ በኋላ ግን ሊወልዱ ጥቂት ሳምንት የቀራቸው የማውቃቸው ሴቶች «ይሄ ነገር እውነት ነው እንዴ? ልጄን ይጎዳብኛል?» እያሉ ሲልኩልኝ ማለፍ አልቻልኩም። እርጉዝ ሴትን ባልተጣራ ነገር ማስፈራራት ቀላል ነገር አይደለም፣ ፍርሃቱን ይዛው ነው ምጥ ክፍል የምትገባው።

መጀመሪያ ጸሐፊዋ ያሉትን እንዳሉት ላስቀምጠው። የምጥ ህመም የተፈጥሮ ነው፣ ሴት ልጅ እንድትችለው ሆና ተፈጥራለች ይላሉ። ኤፒዱራል (ጀርባ ላይ በመርፌ ገብቶ በቀጭን ቱቦ የሚሰጠው የምጥ ማስታገሻ) የተወጋች ሴት መጨረሻዋ ኦፕራሲዮን ነው ብለዋል። መርፌው ወገብን ዕድሜ ልክ ያበላሻል፣ ሽባም ያደርጋል። መድሃኒቱ ወደ ልጁ ያልፋል፣ ልጁ ደንዝዞ ይወለዳል፣ ሲያድግ ደግሞ ኦቲዝም ያመጣበታል፣ ጡት ማጥባትንና የእናትና ልጅ ፍቅርን ያበላሻል። ህመሙ ራሱ ከፍርሃት ስለሚመጣ ትንፋሽና መዝናናት ይበቃል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ወደ ባሎች ዞረው፣ ሚስትህ ምጥ ላይ ሆና መድሃኒት ብትለምንህ አትስማት፣ ያኔ የምትናገረው እሷ ሳትሆን ህመሙ ነው ብለው ይመክራሉ። ከሁሉም ያንገበገበኝ ይሄ የመጨረሻው ነው፣ ቦታው ሲደርስ እመለስበታለሁ።

ከተፈጥሮው ልጀምር። ምጥ ተፈጥሯዊ መሆኑን የሚክድ የለም። ግን ተፈጥሯዊ የሆነ ሁሉ አይነካ ካልን ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ከባድ ደም መፍሰስም ተፈጥሯዊ ነው፣ ልጅ በቂጡ ወይ በእግሩ መምጣቱም ተፈጥሯዊ ነው፣ እነዚህን ዝም ብለን እንይ የሚል ሰው ደግሞ አላየሁም፣ ጸሐፊዋም አይሉም። «አያቶቻችን ያለ መርፌ ወልደዋል» የሚለው እውነት ነው፣ ግን እኮ አያቶቻችን ምርጫ አልቀረበላቸውም፣ ቢቀርብላቸው ይወስዱት ወይስ ይተዉት እንደነበር እሳቸውም እኔም ልናውቅ አንችልም፣ ስለዚህ እነሱን ምስክር አድርጎ መጥራት አይሆንም።

ጸሐፊዋ «በጭንቅ ትወልጃለሽ» የሚለውን ቃልም ጠቅሰዋል። ይሄ ክርክር በጣም የቆየ ነው። በ1847 ጄምስ ያንግ ሲምፕሰን የሚባል የኤደንብራ ሐኪም ለምጥ መጀመሪያ ኤተር ቀጥሎም ክሎሮፎርም መስጠት ሲጀምር በትክክል ይሄው ጥቅስ ነው የተነሳበት። እሱም አማኝ ሰው ነበርና በዛው ዓመት በጽሑፍ መለሰ፣ ኦሪት ዘፍጥረት ላይ እግዚአብሔር ከአዳም ጎን አጥንት ከመውሰዱ በፊት ከባድ እንቅልፍ ጣለበት ይላል እኮ ብሎ። «በጭንቅ ትወልጃለሽ» የሚለው ባለበት ምዕራፍ ላይ ምድርም እሾህና አሜከላ ታበቅላለች ተብሏል፣ እሾህ የሚነቅል ገበሬን ግን ከትእዛዝ ወጣህ የሚለው የለም። ከዛ በ1853 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ስምንተኛ ልጇን ስትወልድ ሐኪሙ ጆን ስኖው ክሎሮፎርም ሰጣት፣ ሌሎች ሴቶችም በግልጽ መጠየቅ ጀመሩ።

እዚህ ላይ ግን ለጸሐፊዋ አንድ ነገር እሰጣቸዋለሁ። የወሊድ ማደንዘዣ ታሪክ ንጹህ አይደለም ያሉት ልክ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከጀርመኗ ፍራይቡርግ የተስፋፋ ስኮፖላሚንና ሞርፊን የሚቀላቀልበት አሠራር ነበር፣ ሴትየዋ ህመሙ ይሰማታል ግን አታስታውሰውም፣ ስለምትወራጭም አልጋ ላይ የሚያስሯት ቦታ ነበር፣ ልጁም ትንፋሽ አጥሮት የሚወለድበት ጊዜ ነበር። አሳፋሪ ታሪክ ነው። ነገር ግን ያ አሠራር ቀርቷል፣ ዛሬ ኤፒዱራል የወሰደች ሴት ነቅታ፣ እያወራች፣ ልጇ ሲወጣ እያየች ነው የምትወልደው፣ ያኛውን ታሪክ አንስቶ ይሄኛውን መክሰስ ፍርድ ማጣመም ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፣ ኤፒዱራል ኦፕራሲዮን ያመጣል ወደሚለው። ጸሐፊዋ ማስረጃ ያደረጉት «ኤፒዱራል የወሰዱ ሴቶች ከሌሎቹ ይልቅ በኦፕራሲዮን ይወልዳሉ» የሚለውን ነው። አዎ፣ ዝም ብለን ከቆጠርን እንደዛ ሊታይ ይችላል። ግን ማን ነው ኤፒዱራል የሚጠይቀው? ምጧ የረዘመባት፣ ልጇ ትልቅ የሆነባት፣ የልጁ ጀርባ ወደ እሷ ጀርባ ዞሮ ወገቧን የሚቆርጣት፣ ምጧ በኦክሲቶሲን የተጀመረላት ሴት ናት በብዛት የምትጠይቀው፣ እነዚህ ሴቶች ደግሞ ድሮም መርፌ ቢነካቸውም ባይነካቸውም ወደ ኦፕራሲዮን የመሄድ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። ምርኩዝ የያዙ ሰዎች ስላነከሱ ምርኩዙ ነው ያሰናከላቸው እንደማለት ነው።

ይሄን ለመለየት ዋናው መንገድ ሴቶቹን በዕጣ ሁለት ቦታ መክፈል ነው፣ ግማሹ ኤፒዱራል ግማሹ ሌላ ማስታገሻ እንዲያገኝ። እንደዚህ ዓይነት ጥናቶች ብዙ ተሠርተዋል፣ በ2018 የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማ 40 ጥናቶችን፣ ከ11 ሺህ በላይ ሴቶችን አንድ ላይ አድርጎ አየ፣ በኦፕራሲዮን መውለድ ላይ ልዩነት አላገኘም። አብዛኞቹ ጥናቶች ኤፒዱራልን ያወዳደሩት በመርፌ ከሚሰጡ እንደ ፔቲዲን ካሉ መድሃኒቶች ጋር እንጂ ምንም ካለመውሰድ ጋር አይደለም፣ ይሄን መደበቅ አልፈልግም። ግን ሌላም ማስረጃ አለ፣ ሃዋይ ያለ የአሜሪካ ጦር ሆስፒታል በ1993 አሠራሩን ቀይሮ ለጠየቀች ሁሉ ኤፒዱራል መስጠት ሲጀምር ተጠቃሚው በአንድ ዓመት ውስጥ ከ1 በመቶ ገደማ ወደ 80 በመቶ በላይ ዘለለ። መርፌው ኦፕራሲዮን የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ በዛ ዓመት የኦፕራሲዮኑ ቁጥር ጣሪያ መንካት ነበረበት። አልጨመረም።

«ከ4 ሴንቲሜትር በፊት ከተወሰደ ደግሞ ምጡ ይቆማል» የሚለውም ብዙ ሰው ጋ ያለ እምነት ነው፣ ድሮ ሐኪሞችም ይሉት ነበር፣ በዚህ ጸሐፊዋን ብቻ መውቀስ አይቻልም። በ2005 ቺካጎ ውስጥ የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚወልዱ፣ የማህፀን በራቸው ገና 4 ሴንቲሜትር ያልሞላ 750 ሴቶች በዕጣ ተከፍለው ተጠኑ። ማስታገሻው በጀርባ በኩል ቶሎ የተሰጣቸው ሴቶች ኦፕራሲዮናቸው አልበዛም፣ የማህፀን በራቸው ሙሉ በሙሉ እስኪከፈት የፈጀው ጊዜም እንደውም በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ አጠረ። ስለዚህ «ገና ነሽ፣ ቻይው» ተብላ በህመም የምትጠብቅ ሴት በዚህ ምክንያት መጠበቅ የለባትም።

እውነት የሆነውን ደግሞ ልቀበል። ኤፒዱራል የመግፊያውን ጊዜ ያረዝመዋል፣ ሃዋይ ላይም ወደ 25 ደቂቃ ገደማ ጨምሯል። በቫኪዩም ወይ በፎርሴፕስ (ልጁን ስቦ በሚያወጣ መሣሪያ) የመውለድ ዕድልንም ይጨምር ነበር፣ በተለይ የድሮው ዶዝ ከፍተኛ ስለነበረ እግር እስኪከብድ ያደነዝዝ ነበር፣ ሴትየዋ መግፋት ያቅታታል። አሁን ቡፒቫኬይን የሚባለው ማደንዘዣ በጣም ቀጥኖ (0.1 በመቶ አካባቢ) ከትንሽ ፌንታኒል ጋር ነው የሚሰጠው፣ ከ2005 ወዲህ በተሠሩት ጥናቶች ላይ ያ የቫኪዩምና ፎርሴፕስ ልዩነት አልታየም። ጸሐፊዋ ያነበቡት የድሮውን ዶዝ ይመስለኛል።

ወገብና ሽባነት ላይ ደግሞ መርፌው የት እንደሚገባ ማወቅ ብቻ ግማሹን ፍርሃት ያቀላል። ህብለ ሰረሰር አዋቂ ሰው ላይ የሚያልቀው ከወገብ ከፍ ብሎ፣ አንደኛውና ሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው፣ መርፌው የሚገባው ከዛ በታች ነው፣ እሱም ቢሆን ከነርቩ ሽፋን ውጪ ባለው ክፍተት ውስጥ ይቆማል። መርፌው ይወጣና ክር የምታክል ፕላስቲክ ቱቦ ብቻ ትቀራለች፣ እሷም ከወሊድ በኋላ ትወጣለች። የወገብ ህመም ከወሊድ በኋላ ብዙ ሴት ላይ አለ፣ የወሰዱትም ያልወሰዱትም ላይ፣ ኮክሬንም ልዩነት አላገኘም። የተወጋው ቦታ ለተወሰነ ቀን ሊያም ይችላል፣ ዕድሜ ልክ የሚባለው ግን ልክ አይደለም።

አደጋ የለውም ግን አልልም። የእንግሊዝ የወሊድ ሰመመን ሐኪሞች ማህበር ለእናቶች በሚሰጠው ወረቀት ላይ ቁጥሮቹን በግልጽ ይጽፋል፦ ከ8 ሴቶች አንዷ ላይ በደንብ አይሠራም፣ ከ50 አንዷ ላይ ደም ግፊት በጣም ይወርዳል፣ ከ100 አንዷ ላይ ከባድ ራስ ምታት ያመጣል፣ ከ13 ሺህ አንዷ ላይ ደግሞ ዘላቂ የነርቭ ጉዳት ሊኖር ይችላል። የደም ግፊቱ በደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽና በመድሃኒት ይስተካከላል፣ ራስ ምታቱም ሕክምና አለው፣ ካልተወ ከራሷ ደም ተወስዶ መርፌው የገባበት ቦታ ይሰጣታል። በነገራችን ላይ የልጁ ጭንቅላት ሲወርድ ወይም የእናትየዋ እግር ተሰቅሎ ሲቆይ ራሱ ነርቭ ይጫናል፣ ከወሊድ በኋላ የሚታይ የእግር መደንዘዝ ከመርፌው ይልቅ በብዛት ከዚህ የሚመጣ ነው። ትኩሳት፣ ማሳከክ፣ ሽንት አልወጣ ብሎ ቱቦ ማስገባት፣ እነዚህም አሉ። ፕላትሌቷ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) በጣም የወረደ፣ ደም ማቅጠኛ የምትወስድ፣ መርፌው የሚገባበት ቦታ ላይ ኢንፌክሽን ያለባት ሴት ላትወስደው ትችላለች። ይሄ ሁሉ ለሴትየዋ ቀድሞ ሊነገራት ይገባል፣ ምጥ ተፋፍሞ ሳይሆን በክትትል ጊዜ፣ ጸሐፊዋ «ማንም አይነግረንም» ብለው ያማረሩት ላይ መቶ በመቶ አብሬያቸው ነኝ።

የልጁ ጉዳይ ላይ የጽሑፉ ትልቁ ችግር ሁሉንም መድሃኒት «መርፌ» ብሎ አንድ ላይ መጠቅለሉ ነው። የተለያዩ ናቸው እኮ። ፔቲዲን በጡንቻ ሲሰጥ በእንግዴ ልጁ አልፎ ወደ ልጁ ይሄዳል፣ ልጁ ደግሞ ቶሎ አያስወግደውም፣ በተለይ ከተሰጠ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ከተወለደ እንቅልፋም ሊሆን፣ ትንፋሹ ሊደክም፣ ጡት ለመያዝ ሊሰንፍ ይችላል። እዚህ ጋ ጸሐፊዋ ልክ ናቸው። ለዛም ነው ሰዓቱን አይቶ መስጠት፣ ናሎክሶን የሚባለው ማርከሻና ልጁን የሚያስተነፍስ ባለሙያ ቅርብ መኖር ያለበት። በደም ሥር የሚሰጠው ሬሚፌንታኒል ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ከሰውነት ይጠፋል፣ እናትየዋ ራሷ ቁልፍ እየተጫነች ነው የምትወስደው፣ ግን የእሷን ትንፋሽ ሊያደክም ስለሚችል አጠገቧ ሆኖ የሚከታተል ሰው ይፈልጋል። ጋዙ፣ ማለት ግማሽ ናይትረስ ኦክሳይድ ግማሽ ኦክስጅን የሆነው፣ በማስክ የምትስበው ነው፣ መርፌም የለውም፣ ስታቆም በትንፋሽ ወዲያው ይወጣል፣ ቁርጠቱ ሊጀምር ሲል ነው መሳብ ያለባት እንጂ ከፍ ካለ በኋላ ከጀመረች ይቀድማታል፣ ራስ ማዞርና ማቅለሽለሽ አለው፣ ህመሙንም ያለዝባል እንጂ አያጠፋም። ኤፒዱራል ውስጥ ያለው መጠን ትንሽ ስለሆነ ወደ ልጁ የሚደርሰውም ትንሽ ነው፣ ቅድም ያልኩት የኮክሬን ግምገማም ከተወለደ በ5 ደቂቃው በሚለካው የአፕጋር ውጤት (አዲስ የተወለደ ልጅ ያለበትን ሁኔታ የሚያሳይ ነጥብ) ላይ ልዩነት አላየም። ይሄን መለኪያ በ1952 ያወጣችው ቨርጂኒያ አፕጋር ራሷ ሰመመን ሰጪ ሐኪም ነበረች፣ እናት የወሰደችው መድሃኒት ልጁን እንዴት አደረገው የሚለው የዛን ጊዜም የራሳቸው የባለሙያዎቹ ጥያቄ ነበር ማለት ነው።

ደግሞ ሌላ ጽሑፉ ውስጥ ያልተነሳ ነገር አለ፣ ከባድ ህመም ራሱ ለልጁ ገለልተኛ አይደለም። በህመም የምትንፈራገጥ ሴት ትንፋሿ ይፈጥናል፣ አድሬናሊኗ ይጨምራል፣ ወደ ማህፀን የሚሄደው ደም ሊቀንስ ይችላል። ጤነኛ ልጅ ብዙውን ጊዜ ይቋቋመዋል። የልብ ህመም ወይም ከእርግዝና ጋር የመጣ ከባድ ደም ግፊት ያለባት እናት ላይ ግን ሐኪሞች ራሳቸው ኤፒዱራል የሚመክሩበት ምክንያት አላቸው፣ ድንገት ኦፕራሲዮን ካስፈለገም በዛችው ቱቦ መድሃኒት ተጨምሮ ሙሉ ሰመመን ሳትወስድ ሊሠራላት ይችላል።

ኦቲዝምን በተመለከተ ወሬው ከባዶ አልተነሳም፣ በ2020 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተሠራ ጥናት ኤፒዱራል በወሰዱ እናቶች ልጆች ላይ ኦቲዝም በዝቶ ታየ ብሎ ነበር፣ ርዕሱም ዓለምን አዳረሰ። ጸሐፊዋ እዛ ላይ ነው የቆሙት። በ2021 የካናዳና የዴንማርክ ትላልቅ ጥናቶች ወጡ፣ የዴንማርኩ ብቻ ከ400 ሺህ በላይ ልጆችን የያዘ ነው፣ የአንድ እናት ልጆችን ማለትም ኤፒዱራል የተወሰደበትንና ያልተወሰደበትን ወንድምና እህት ጭምር አወዳድረው ግንኙነት አላገኙም። የካሊፎርኒያው ጥናት እናቶቹ መካከል ያለውን ልዩነት በደንብ መለየት አልቻለም ነበር። አንድ እናት ዛሬ ኦቲዝም ያለበት ልጇን እያየች «በእኔ መርፌ ነው» ብላ ራሷን ስትወቅስ ሳስበው ሆዴ ይላወሳል፣ እባካችሁ ይሄን ነገር ሼር አታድርጉት።

ጡት ማጥባትና ፍቅር ላይ ብዙ አልቆይም። ከፍ ያለ የፌንታኒል መጠን የመጀመሪያ ቀናት ጡት መያዝን ሊያስቸግር ይችላል የሚል ጥናት አለ፣ ዛሬ በተለመደው ዝቅተኛ መጠን ደግሞ በ6 ሳምንቱ ልዩነት ያላገኘ አለ። የበለጠ የሚረዳው ልጁን ወዲያው ደረቷ ላይ ማስተኛትና በመጀመሪያው ሰዓት ማስጀመር ነው፣ ይሄ ደግሞ የወሰደችም ያልወሰደችም እናት የምታደርገው ነው። ፍቅርን በመርፌ የሚለካ ሰው ግን በኦፕራሲዮን የወለዱትን እናቶች ሁሉ ምን ሊላቸው ነው?

ትንፋሽና መዝናናት ይበቃል ላሉት፣ ይሄ የጽሑፉ ጥሩ ጎን ነው፣ በግማሹ እስማማለሁ። ከጎኗ ሳይለይ የሚያበረታታት ሰው ያላት ሴት ምጧ ያጥራል፣ ኦፕራሲዮኗ ይቀንሳል፣ ማስታገሻ የመፈለጓም ነገር ይቀንሳል፣ ይሄ ከ15 ሺህ በላይ ሴቶች በተካተቱበት ግምገማ የታየ ነው። ቆሞ መራመድ የመጀመሪያውን የምጥ ክፍል ያሳጥራል። ሞቅ ያለ ውሃ፣ ወገብ ማሸት፣ በሞቀ ጨርቅ መያዝ፣ ሁሉም ይረዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው የምጥና ወሊድ መመሪያ ላይ ከእነዚህ ብዙዎቹን ይመክራል፣ በዛው መመሪያ ላይ ግን ማስታገሻ ለምትጠይቅ ጤነኛ ሴት እንደ ፍላጎቷ ኤፒዱራልም እንደ ፔቲዲን ያሉ መድሃኒቶችም አማራጭ ናቸው ይላል። አንዱ የሌላው ጠላት አይደለም። ፍርሃት ህመምን ያባብሳል፣ እሺ፣ ግን ህመሙን የሚፈጥረው ፍርሃት አይደለም፣ ማህፀን ሲኮማተርና በሩ ሲለጠጥ ከታችኛው ደረትና ከላይኛው ወገብ በሚነሱ ነርቮች ይተላለፋል፣ ልጁ ሲወርድ ደግሞ ከታች ባሉት ነርቮች። ምንም ሳትፈራ የገባች ሴት ልትጮህ ትችላለች፣ ስትንቀጠቀጥ የገባች ደግሞ በሁለት ሰዓት ልትገላገል ትችላለች። ትንፋሽ አልሠራላት ያለችውን ሴት «በደንብ አልተዝናናሽም» ማለት በህመሟ ላይ ጥፋተኝነት መጨመር ነው።

አሁን የባሎቹ ምክር። «ያኔ የምትናገረው እሷ አይደለችም» የሚለውን ደጋግሜ አነበብኩት። ምጥ ላይ ያለች ሴት አእምሮዋን አልሳተችም፣ ኦፕራሲዮን ካስፈለገ እኮ በዛው ሰዓት ፈርሚ ትባላለች፣ ለዛ ፊርማዋ የሚሠራ ከሆነ ለማስታገሻ ቃሏ ለምን አይሠራም? ቤቷ ሆና «አልወስድም» ያለች ሴት 6 ሴንቲሜትር ላይ «አምጡልኝ» ማለት ትችላለች፣ «እወስዳለሁ» ያለችም መተው ትችላለች፣ ሁለቱም የራሷ ናቸው። የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ የሚከለክል የጤና ምክንያት እስከሌለ ድረስ የእናትየዋ ጥያቄ ብቻውን በቂ የሕክምና ምክንያት ነው ይላል። አንዳንድ ሴት ቀድማ «መጀመሪያ ብጠይቅ ትንሽ አበረታቱኝ» ብላ ልታስቀምጥ ትችላለች፣ ጥሩ፣ እሱንም የወሰነችው እሷ ናት። ባል ወይም አማት ወይም የጽሑፍ ደራሲ የሚወስንላት ግን አይደለም።

ስለዚህ የላካችሁልኝ እህቶቼ፣ በክትትል ቀጠሯችሁ ላይ ጠይቁ፦ የምወልድበት ቦታ የትኞቹ ማስታገሻዎች አሉ፣ ሰመመን ሰጪው ሌሊትም ይኖራል ወይ፣ የእኔ የደም ምርመራና የምወስደው መድሃኒት ኤፒዱራል ይከለክለኛል ወይ፣ ኤፒዱራል ከሌለ ጋዝ ወይም ሌላ ነገር አለ ወይ፣ ስፌት ካስፈለገስ ማደንዘዣ ይሰጠኛል ወይ። አጠገቧ የምትሆኑ ባሎች ደግሞ ይሄን ያዙ፣ ሰመመን ሰጪ ተጠርቶ እስኪመጣና እስኪዘጋጅ ጊዜ ይሄዳል፣ ከተሰጣት በኋላም በደንብ እስኪሠራ ወደ 20 ደቂቃ ይወስዳል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ስትጠይቅ አስጠሩላት፣ ሦስተኛ እስክትለምን አትጠብቁ።